አርባ ቁጥር ዳዶ

ስትሮምነስ፣ ኦርክኒ ደሴት
ዲሴምበር 3 ቀን 1994 እ.ኤ.አ.

አርባ ቁጥር ዳዶን ለሠራው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን

ጌታዬ፣

የማላውቀውን ሰው ሰላም ሳልል መውቀስ ነውር ስለሆነ በቅድሚያ ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ያልሆንኩ ቀን ቢኖር በእርስዎ የተነሳ ነው።

ስሜ ኤርለንድ ፍሌት ይባላል። ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ፤ በሥራው ላይ ዘንድሮ አርባ አንድ ዓመት ደፈንኩ። እዚህ ከተማ ማንሲ የሚባል የቧንቧ ዕቃ ሻጭ አለን። ከባንኮኒው ጀርባ አንድ የሳንቃ ሰሌዳ ሰቅሏል። በየዓመቱ በኖቬምበር የመጨረሻው ዓርብ እዚያ እንሰበሰብና፣ በዓመቱ ውስጥ ዕድሜያችንን ያሳጠረውን ዕቃ በድምፅ ብልጫ መርጠን በሚስማር እንቸነክረዋለን። ያልወጣበት ጉድ የለም። ሳይነኩት የሚሰነጠቅ ማጠፊያ አለ፤ ጥርሱ የረገፈ መፍቻ አለ፤ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ማንም ያላወቀው ላስቲክም አለ። የእርስዎ ዳዶ ግን ሦስት ዓመት በተከታታይ አሸነፈ። እንኳን ደስ ያለዎት። ሦስቴ ላሸነፈ ዕቃ ለሠሪው ደብዳቤ ይጻፋል የሚል ሕግ አለን። ዕጣው በእኔ ላይ ወጣ፤ አድራሻዎን ከሳጥኑ ላይ ገለበጥኩ።

እስቲ ያስቡት። ሰውየው ሲንክ ሥር በጀርባው ተኝቷል። ቀኝ እጁ በሲንኩና በግድግዳው መካከል፣ ድመት እንኳ ገብታ በማታልፍበት ክፍተት ተወትፏል። ዓይኑ ላይ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ቧንቧውን ከሲንኩ ጋር የሚያስረውን ያንን የፕላስቲክ ዳዶዎን በሁለት ጣቶቹ ጫፍ ይዞ ሩብ ዙር፣ እንደገና ሩብ ዙር ያዞረዋል። ጣት እንዲይዘው ብላችሁ ያወጣችሁለት ጆሮ ጣት አያስይዝም። በመፍቻ ሲነኩት ቀጭ! ለእሱ ብቻ ተብሎ የተሠራው መፍቻ ደግሞ የባሰ ነው፤ ጉልበት ሲሰጡት አንገቱን ያዞርና ጉንጭዎን ይመታዎታል። ከዚያ ሌላ ዳዶ፣ ሌላ ግማሽ ሰዓት። ሳጥኑ ውስጥ መመሪያ የተጻፈበት ወረቀት አለ፤ እሱ እንኳ ጥሩ ነው፤ ሁላችንም እጃችንን እንጠርግበታለን።

እርግማን አልወድም። ብቻ አንድ ቀን ከገዛ ሥራዎ ሥር በጀርባዎ እንዲተኙ ከልቤ እመኛለሁ። ጓደኞቼ እናትዎንም አንስተዋል፤ የእነሱን ለወረቀት አይመችም ብዬ ትቼዋለሁ።

መልስ አልጠብቅም። ከሥር የአሥራ አራታችን ፊርማ ይገኛል።

አክባሪዎ ልል ነበር፤
ኤርለንድ ፍሌት


ሪቤ፣ ዴንማርክ
ጃንዋሪ 9 ቀን 1995

ለአቶ ኤርለንድ ፍሌትና ለአሥራ ሦስቱ ጓደኞችዎ

ጌታዬ ያሉኝ እኔ ሴት ነኝ። ሄድቪግ ሎቭስትሩፕ እባላለሁ። አርባ ቁጥርን የነደፍኩት እኔው ነኝ፤ አላመካኝም። እናቴ በሕይወት የለችም፤ ብትኖር ግን ከጓደኞችዎ ጋር ትስማማ ነበር፤ እሷም እጇ ላይ የተሰበረ ዕቃ ሲያጋጥማት አፏን አትጠብቅም ነበር።

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ተናደድኩ። በሁለተኛው ሳቅሁ። በሦስተኛው ኮቴን ደርቤ በቀጥታ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሄድኩ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ከሥሩ ልንገርዎት። መጀመሪያ የነደፍኩት ዳዶ ነሐስ ነበር፤ ረጅም አንገት ነበረው፤ ከታች በአንድ እጅ የሚዞር። «ለሳጥኑ ረዘመ» ብለው አንገቱን ቆረጡት። «ከበደ» ብለው ፕላስቲክ አደረጉት። ያኔ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየጃንዋሪው ስብሰባ እጄን አነሳለሁ፤ ይህ ዳዶ ይቀየር እላለሁ። ሥራ አስኪያጆቹ ይቀያየራሉ፤ መልሳቸው ግን ያው ነው፦ «ማን አማረረ?» የአቤቱታ መሳቢያ አለን። በውስጡ ስለ አርባ ቁጥር አንዲት ብጣሽ ወረቀት ገብታ አታውቅም። እናንተ ሰዎች ምን ሆናችኋል? በሚስማር ትቸነክሩታላችሁ፣ እርስ በርሳችሁ ታለቃቅሳላችሁ፣ ለእኛ አንድ ቃል አትነግሩንም!

የእርስዎ ደብዳቤ የመጀመሪያው ነው። በስብሰባው ላይ ጮክ ብዬ አነበብኩት። የድመቷ ነገር ሲነበብ የሒሳብ ሹሙ ሳቀ። ሥራ አስኪያጁ ግን፣ «አንድ ደብዳቤ፣ ከአንድ ደሴት፣ ያውም ጠጥተው የጻፉት» አለ። አልለቀቅሁትም። በመጨረሻ፣ መቼም አይሆንም ብሎ በመተማመን ቃል ሰጠኝ፦ እስከ ሜይ አጋማሽ መቶ ደብዳቤ ከመጣ ነሐሱ ይሠራል። እኔ በጁን ጡረታ እወጣለሁ። ከእኔ በኋላ እጁን የሚያነሳ የለም፤ አርባ ቁጥርም እንዳለ ይኖራል።

ስለዚህ የሰደበኝን ሰው ልለምነው ነው። ዘጠና ዘጠኝ ደብዳቤ ይፈልጉልኝ፤ ስድብም ቢሆን እቀበላለሁ።

በመመሪያው ወረቀት እጃችንን እንጠርግበታለን ያሉት ትንሽ አሞኛል። ለምን እንደሆነ አሁን አልነግርዎትም።

ሄድቪግ ሎቭስትሩፕ


ስትሮምነስ
ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1995

ለወይዘሮ ሄድቪግ

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ እናትዎ ነፍስ ይማር፤ አፈር ስሆን ይቅር ይበሉን። ደብዳቤዎን ማንሲ ሱቅ ውስጥ ሳነብላቸው ጓደኞቼ ሁሉ ኮፍያቸውን አወለቁ። አንዱ ብቻ አላወለቀም፤ እሱም ኮፍያ ስለሌለው ነው።

ከደብዳቤዎ በኋላ በላኩልኝ ካርድ ላይ ለጠየቁኝ ነገር፣ የእርስዎ ዓይንስ ክፉ ነው! አይደለሁም፤ ግራኝ አይደለሁም። ፊደሌ የሚንጋደደው በግራ እጄ ለመጻፍ ስለተገደድኩ ነው። ቀኝ ትከሻዬ ካለፈው በጋ ጀምሮ አምፆብኛል። ሐኪሙ፣ «ተኝተህ እጅህን ወደ ላይ ዘርግተህ ማጠማዘዝህን ካልተውክ፣ በሚመጣው ክረምት የሻይ ሲኒ አታነሳም» አለኝ። እህቴ ቶራ ይህን ሰማች። ከሰማች አለቀ። ከማንሲ ጋር ተማክራ ከጁን አንድ ጀምሮ ከባንኮኒው ጀርባ ወንበር አስይዛልኛለች። ወንበር! በአሥራ ስድስት ዓመቴ መፍቻ የያዝኩ ሰውዬ፣ «ሦስት አርባ ቁጥር ስጠኝ» ላለ ሁሉ ከመደርደሪያ እያወረድኩ ላርጅ?

ሚስቴ ከሞተች ዘጠኝ ዓመት ሆናት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ከአልጋዬ የሚያስነሳኝ «ኤርለንድ ድረስልን፣ ውሃ አጥለቀለቀን» የሚል ስልክ ብቻ ነው። እሱ ከቀረ እኔም ቀረሁ። ለጓደኞቼ ይህን አልነገርኳቸውም። ለእርስዎ ለምን እንደነገርኩዎት እኔም አላውቅም።

ስለዚህ የነሐሱ ነገር የእርስዎ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እንዳሉት በአንድ እጅ፣ ያውም በግራ የሚዞር ከሆነ፣ ወንበሩን ለማንሲ እመልስለታለሁ።

ደብዳቤው ግን ራስ ምታት ሆኖብኛል። እስከ ዛሬ ሦስት ብቻ! ሲንክ ሥር ሲሆኑ ቄሱ ቆመው እየሰሙ እንኳ ይሳደባሉ። ወጥተው ሻይና ብስኩት ሲቀርብላቸው ሁሉንም ይረሱታል። ብዕር ስሰጣቸው «እንዴ፣ ምን ብዬ ልጻፍ?» ይላሉ። «ትናንት ያልከውን ጻፋ!» ስለው ይቀላል። ከሦስቱ አንዱን ልኬልዎታለሁ፤ እንዲህ ይላል፦ «ክቡር ሆይ፣ ዳዶው ሰይጣን ነው። አመሰግናለሁ።» ይህ ይቆጠራል?

እርስዎንም አንድ ነገር ልጠይቅ፣ አይቀየሙኝ። ሲንክ ሥር ተኝተው ያውቃሉ?

ኤርለንድ


ሪቤ
ማርች 21 ቀን 1995

ለአቶ ኤርለንድ

ይቆጠራል። እንዲያውም ከሁሉም ደስ ያለኝ እሱ ነው።

ለጥያቄዎ እውነቱን ልናገር። አልተኛሁም። ዕድሜዬን ሙሉ ዳዶ የነደፍኩት ጠረጴዛ ላይ፣ ጥሩ መብራት ሥር፣ ቀጥ ብዬ ተቀምጬ ነው። አፈርኩ። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልብሴን ለውጬ የገዛ ኩሽናዬ ሲንክ ሥር ገባሁ። አርባ ቁጥርን ፈትቼ መልሼ ላስር ነው እንግዲህ። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ፈጀብኝ! ሁለት ጆሮ ሰበርኩ፤ አንደኛው አፌ ውስጥ ወደቀ። ጎረቤቴ ጩኸት ሰምታ «ሄድቪግ፣ ደህና ነሽ?» ብላ በሩን ስታንኳኳ የመለስኩላት ቃል በስድሳ ዓመት ዕድሜዬ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። እስካሁን ደረጃው ላይ ስንገናኝ ታቀረቅራለች። እርግማንዎ ደርሷልና ይደሰቱ።

ግን እዚያው ተኝቼ አንድ ነገር ገባኝ። የድሮው የነሐስ ዳዶዬም ልክ አልነበረም! አንገቱ ረጅም ነው፤ ጫፉ ግን ልሙጥ ነበር፤ እርጥብ ጣት ያንሸራትተዋል። ሃያ ሁለት ዓመት «የእኔን ብትሠሩት ኖሮ» እያልኩ ስኮራ፣ የእኔም ቢሆን የእናንተ ሰሌዳ ላይ ይወጣ ነበር። መሬት ላይ ተኝቼ ብቻዬን ሳቅሁ። አሁን ጫፉን አራት ቦታ ፈለፈልኩት፤ በረጅም ቱቦ ጫፍ ከታች ይያዛል፤ ጠብቆ ሲበቃው ደግሞ ራሱ ይቆማል። በወንድሜ የብረት መቅረጫ ማሽን በገዛ እጄ ሁለት ፍሬ ሠርቼ ይኸው ከነቱቦው ልኬልዎታለሁ። ማሸጊያው ካልሲ ስለሆነ ይቅርታ፤ ንጹሕ ነው።

በግራ እጅዎ ብቻ ይሞክሩት። ካልሆነ አልሆነም ይበሉኝ፤ እንዳያዝኑልኝ። እኔ የሚያስፈልገኝ የሰው ማዘን አይደለም፤ ሃምሳ አምስት ቀን ያህል ነው የቀረን፣ ከዚያም ያነሰ።

የመመሪያውን ነገር በካርድ ጠይቀውኛል። አልናገርም አልኩ፤ አልናገርም።

ሄድቪግ


ስትሮምነስ
ኤፕሪል 17 ቀን 1995

ሄድቪግ ሆይ፣

ከሲንክ ሥር በጀርባው የተኛን ሰው እኛ አንቱ አንልም፤ ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ልልሽ ነው። ከከፋሽ ጻፊልኝና እመለሳለሁ።

አራት ደቂቃ! ሰማሽ? አራት ደቂቃ፣ በግራ እጅ፣ ቀኙን ደረቴ ላይ አጣጥፌ፣ እንደ ሬሳ ተንጋልዬ! የሞከርኩት ቶራ ኩሽና ውስጥ ነው። ቱቦውን አስገባሁ፤ ያዘ፤ አዞርኩት፤ ዞረ፤ ከዚያ እንዳልሽው ራሱ ቆመ። እንደዚያ ተኝቼ ሳቄ መጣ። አርባ አንድ ዓመት ሲንክ ሥር ስገባ ስወጣ ስቄ አላውቅም። ቶራ እየሮጠች መጣች።

«ምን ሆንክ? ትከሻህ ነው?»
«ዞረ እኮ!»
«ጭንቅላትህ?»
«ዳዶው!»

ከዚያ ጎንበስ ብላ እኔን ሳይሆን ዳዶውን አየችው። ተመልሳም ወደ ስፌቷ ሄደች።

ወንበሩን እንደማልፈልግ ነግሬያት እንደሆነ በካርድሽ ለጠየቅሽኝ፣ አልነገርኳትም። እንዴት ብዬ? ጭራሽ ለወንበሩ ትራስ ሰፍታለታለች። ሰማያዊ ነው፤ መርከብ ተጠልፎበታል። ለልጅ ጥምቀት የሚሰጥ ነው የሚመስለው። ሳየው ሆዴ ባባ፤ ወዳኝ እኮ ነው። ሆኖም ደብዳቤው ካልሞላ ትራሱ ላይ መቀመጤ ነው፤ በሁለት ናሙና ዳዶ ስንት ሲንክ ይታሰራል?

አሁን ወደ ደብዳቤው። ሁለተኛውን ዳዶሽን ኪሴ ከትቼ በጀልባ ከደሴት ደሴት ዞርኩ። ዌስትሬይ፣ ሳንዴይ፣ ሆይ የሚባሉት ደሴቶች፤ ቧንቧ ሠራተኛ ያለበት ቦታ ሁሉ ደረስኩ። አላወራሁም፤ ዳዶውን አውጥቼ እጃቸው ላይ አኖርኩት። አንድ ሽማግሌ ሲያገላብጠው ቆይቶ፣ «ይህንን የሠራው ሲንክ ሥር የተኛ ሰው ነው» አለ። የተኛች ብዬ አረምኩት። ወዲያው ብዕር ጠየቀኝ፤ አራት ገጽ ጻፈ፤ ሁለቱ ስለ ዳዶው ነው፣ ሁለቱ ስለ አማቱ ነው። ሁለቱንም ልኬዋለሁ።

ማንሲም ሰው ሆነ። ባለፈው ቅዳሜ ባንኮኒው ላይ ወረቀት ቆልሎ፣ «ደብዳቤ ያልጻፈ ዛሬ ከዚህ የላስቲክ ጓርኒሲዮን እንኳ አይገዛም» ብሎ አወጀ። ጉድ ፈላ! ተኮናትረው የሚሠሩት ሁለት ወንድማማቾች፣ አንዱ አጻጻፍ እንደማያውቅ እየማለ፣ ሌላው «ለእጮኛህ ለኤልሲ ዘጠኝ ገጽ የጻፍከው ማን ጽፎልህ ነው?» እያለ፣ ሲካሰሱ ዋሉ። ሁለቱም ጻፉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ አይደል? ሰማንያ ሰባት ደርሰናል። በዋናው ምድር ያለው የማንሲ አጎት ልጅም ባለ ሱቅ ነውና የራሱን ሰዎች አስፈራርቶ እንደሚልክልሽ ቃል ገብቷል።

ሰሌዳውን አይተሽው ብታውቂ እንዴት ደስ ባለኝ። ለምን አትመጪም?

ኤርለንድ


ሪቤ
ሜይ 24 ቀን 1995

ኤርለንድ፣

አልከፋኝም። አንተ ማለትም ሳይከብደኝ አልቀረም፤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት። ይኸው ተለመደ።

ቶሎ ባለመጻፌ ይቅርታ አድርግልኝ። ፖስተኛው በከረጢት አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈው። መቶ አሥራ ስምንት ደብዳቤ! አንዳንዱ ቅባት አለበት፤ አንዱ በሲሚንቶ ከረጢት ላይ የተጻፈ ነው። በአንድ የአቤቱታ መሳቢያ ውስጥ አልገባ ስላለ ሁለተኛ መሳቢያ አስወጣሁ። ስብሰባው ላይ አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። «አጠቃለሽ ንገሪን» አሉኝ። አይ፣ አልኩ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ማን አማረረ ብላችሁኛል፤ ማን እንዳማረረ በስም በስሙ ትሰማላችሁ። ስለ አማታቸው የጻፉት ሽማግሌ ጋ ስደርስ ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አወለቀና ዓይኑን ጠረገ። ሳቅ ይሁን ሌላ አላወቅሁም፤ የራሱ አማት አብራው ትኖራለች።

ከዚያ ምን እንደወሰኑ ግን በደብዳቤ አልጽፍልህም። ሳጥን ልኬልሃለሁ፤ እሱ ይንገርህ።

እንድመጣ ለጠየቅኸኝ፣ አዎ። ጁን 9፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሚገባው መርከብ ላይ ቦታ ይዣለሁ። ያንን ሚስማር በገዛ እጄ መንቀል እፈልጋለሁ። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ እሱን ስንገናኝ እነግርሃለሁ።

ያንተው ሄድቪግ


ስትሮምነስ
ጁን 1 ቀን 1995

ሄድቪግ፣

ይህ ደብዳቤ ከመሳፈርሽ በፊት ይድረስሽ አይድረስሽ አላውቅም፤ ብቻ ሳልጽፍ ማደር አልቻልኩም።

ሳጥንሽ ማክሰኞ ደረሰ። አልከፈትኩትም። ፈራሁ ብልሽ ይሻላል። ዛሬ ጠዋት፣ ወንበር ላይ የምቀመጥበት ቀን ሲደርስ፣ ብብቴ ሥር አድርጌ ማንሲ ሱቅ ሄድኩ። ሁሉም መጥተዋል። ቶራ ቀድማኝ ደርሳ ትራሱን ወንበሩ ላይ አስተካክላ፣ እጇን አጣምራ ቆማለች።

«ተቀመጥ» አለችኝ።
«መጀመሪያ ይህን ልክፈት።»
«ተቀምጠህ ክፈተው።»
«ቆሜ ነው የምከፍተው ቶራዬ።»

ከፈትኩት። ሃምሳ ፍሬ ነሐስ፣ አንገቱ ረጅም፣ ጫፉ አራት ቦታ የተፈለፈለ፣ የፋብሪካው ማኅተም ያረፈበት፣ ቁጥሩም አርባ አንድ! እልልታው ወደቡ ድረስ ተሰምቷል አሉ። ኮፍያ የሌለው ሰውዬ የሌላውን ኮፍያ ነጥቆ ወረወረ። እኔ አለቀስኩ፤ ምን አሳፈረኝ? ማንሲ ወንበሩን አንስቶ ወደ ጓዳ አስገባው። ቶራ ትራሱን አቅፋ ቀረች።

«እሺ፣ አሁን ይህንን ምን ላድርገው?» አለች።
«ስጪኝ፤ ሲንክ ሥር ራሴን አሳርፍበታለሁ።»
አየችኝ፣ አየችኝና፣ «ታዲያ በግራ እጅህ ብቻ! ቀኙን ያነሳህ ቀን አስቆርጥሃለሁ» ብላ ሰጠችኝ። ሐኪሙም በዚህ ተስማምቷል። ነገ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ውስጥ ስድስት ሲንክ ይጠብቀኛል።

አሁን ግን የምጽፍልሽ ለዚህ አይደለም።

ሳጥኑን ስፈትሽ እጄ ቅባት ነካው፤ እንደ ልማዴ የመመሪያውን ወረቀት አነሳሁ። ማንሲ እጄን በጥፊ መታኝ። «ነውር አይደለም? ሴትዮዋ ያን ያህል ለፍታ የጻፈችውን!» አለኝ። አፈርኩና በአርባ አንድ የሥራ ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መመሪያ አነበብኩ። ከላይ እስከ ታች። ከሥር፣ በደቃቅ ፊደል አንድ መስመር አለች፦ «ካስቸገረዎ ይጻፉልኝ። ሄ.ሎ.»

ተነስቼ ከመደርደሪያው ላይ የአርባ ቁጥርን ሳጥን አወረድኩ። ወረቀቱ ላይ ያቺው መስመር አለች። ማንሲን «ከሁሉ የቆየው የትኛው ነው?» አልኩት። ከጓዳ አንድ አቧራ የጠጣ ሳጥን አወጣ፤ የ1973 ነው። እዚያም አለች። ኮፍያ ያለው ሁሉ ኮፍያውን አወለቀ።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ «ጻፉልኝ» ስትይኝ ኖረሻል። እኔ ደግሞ እጄን ስጠርግብሽ።

ይኸው እጄን ታጥቤ ጽፌልሻለሁ። ዓርብ መርከቡ ሲገባ ወደብ ላይ ታገኚኛለሽ።

ያንቺው ኤርለንድ